በሙት ላይ የበሰለ ክስ

በይቅርታ መጀመር ግዴታዬ ነው። የምተርከው ነገር ለጨዋ ሰው ጆሮ የሚመጥን አይደለም። ችሎት አለበት፤ ዳኛ አለበት፤ ክስ አለበት። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ደግሞ ቁም ነገረኛ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል እንጂ ቆሞ አያወራም። እኔም ለማለፍ ሞክሬ ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ የሆነው በእኛ አገር ሳይሆን፣ በየት በኩል እንደምትገኝ ማንም በማያውቃት በሌላ አገር ስለሆነ ማንንም የሚነካ አልመሰለኝም። ተነካሁ የሚል ሰው ቢገኝ እጁን የዘረጋው እሱ ራሱ ነው። በእኛ አገርማ፣ እግዜር ይመስገንና፣ ሰው ክሱን ሲያቀርብ አይሳሳትም፤ ቢሳሳትም ስሕተቱን ረጋ ብሎ የሚያስብበት ረጅም ቀጠሮ ይሰጠዋል።

በዚያች አገር በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ ነበሩ ይባላል፤ ጠዋት የተናገሩትን ከምሳ በኋላ የማያስታውሱ። ጠዋት፣ ገበያ ማክሰኞ ይዋል ይላሉ፤ ሕዝቡ እህሉን ጭኖ ሲወጣ፣ ማክሰኞ ገበያ የወጣ ይታሰር ይላሉ። መከራው ሲበዛ ሽማግሌዎች መከሩና አንድ ሕግ አወጡ፤ የንጉሡ ቃል በእርጥብ ጭቃ ላይ ይጻፍ፣ ጭቃውም በእሳት ይብሰል፣ የበሰለም አይለወጥ። መልካም ሕግ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት ግን እንዲህ ያለ መልካም ሕግ ለንጉሥ ብቻ መሆኑ ስስት ነው ብለው ለሕዝቡም አካፈሉት። ሕዝቡ ከተቀበለ በኋላ፣ ለሁለቱም አይበቃም ተባለና ከንጉሡ ላይ ተነሣ።

ስለዚህ በዚያ አገር የተበደለ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ወደ ችሎቱ ግቢ ይሄዳል። እዚያ ሊቀ ጭቃ የሚባል ሹም እርጥብ ጭቃ በሰሌዳ ላይ ደልድሎ፣ የሸምበቆ ብዕር ይዞ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ጥላ ጠፍቶ አይደለም፤ ዋርካው እዚያው አጠገቡ ነው። ነገር ግን የጥላው ሥልጣን የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ጭቃው በፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ባለጉዳዩ ገና አፉን ሲከፍት ሊቀ ጭቃው፣ ቶሎ በል፣ ደረቀ፣ ይለዋል። ሰውዬው በደሉን እንደ ትኩስ ንፍሮ በሁለት ጉንጩ እያገላበጠ ይተፋዋል። የተተፋው ይጻፋል። ጽሑፉ ለሊቀ እሳት ይተላለፋል፤ ሊቀ እሳትም ያበስለዋል። ከዚያ ወዲያ ከሳሹ ክሱን እንደ ልጅ አዝሎ በየቀጠሮው ይመላለሳል። በዚያ አገር መንገድ ላይ ሴት ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ብታዩ፣ ወንድ ነው ሴት ብላችሁ አትጠይቁም፤ ልጅ ነው ክስ ነው የሚባለው።

ዳኛው የሚሰማው የበሰለውን ብቻ ነው። አንድ ሰው ጥቁር በሬ ተሰረቅሁ ብሎ አበሰለ። በሬው ሲገኝ ዳማ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውዬው የተሰረቀው በምሽት ስለነበር ጥቁር መስሎት ነው። ችሎቱ ጥቁር በሬ በአገሩ ሁሉ አስፈለገና፣ ጥቁር በሬ አልተሰረቀም፣ ስለዚህ ሌባ የለም ብሎ ፈረደ። ሌባው ዳማውን በሬ በችሎቱ በር እየነዳ ሲያልፍ ለዳኛው እጅ ነሣ ይባላል። ዳኛውም አጸፋውን መለሱ፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

አሁን ስለ የውብዳር ልንገራችሁ። የውብዳር ከአንዲት ምንጭ በታች ባለ ሰፈር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተክላ የምታድር ሴት ናት። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣውም፣ የሚያጠጣውም ከዚያች ምንጭ ነው። ከምንጯ አጠገብ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ቢተው አጎናፍር የሚባል ባለጸጋ ይኖራል። አንድ ቀን ሰፈርተኛው ጠዋት ሲነሣ ቦዩ ደርቋል። ወጥተው ቢያዩ ውሃው በድንጋይና በአፈር ተገድቦ ወደ ሌላ ሸለቆ ተመልሷል። የውብዳር ሄዳ ደጅ ጠናች። ቢተው ወጣና፣ ውሃ ቤት እንደሚመርጥ እንግዳ ነው፣ የፈለገበት ያድራል፣ ብሎ በሩን ዘጋ።

ክስ ልትመሠርት ሄደች። ሊቀ ጭቃው ብዕሩን አንሥቶ፣ ማንን ነው የምትከሺው፣ ቶሎ በይ፣ አላት። እሷም አጎናፍርን አለች።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ወግ ማስረዳት አለብኝ። በእነሱ ዘንድ የቤት ጌታ በስሙ አይጠራም፤ ነውር ነው። የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ቢተውን የሚያውቁት ሁሉ አጎናፍር ነው የሚሉት። ሚስቱም አጎናፍር ትለዋለች። ክስም ቢሆን ክብር አይነሣም ብላ የውብዳር እንደ ወጉ በአባቱ ስም ጠራችው። ሊቀ ጭቃውም እንደ ወጉ ጻፈ። ሊቀ እሳትም እንደ ወጉ አበሰለ። እውነተኛው አጎናፍር ግን፣ የቢተው አባት፣ ከሞተ ቆይቷል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛ ይመኑ ክሱን አነበቡ። ዳኛ ይመኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉቦ የማይበሉ፣ ሰው የማይሳደቡ፣ ሕጉን እንደ ነብር የሚፈሩ። ተከሳሽ አጎናፍር ይነሣ አሉ። ቢተው ከፊት ተቀምጧል፤ አልተነሣም። ዳኛው አንተ አይደለህም ወይ ብለው ጠየቁት። ቢተው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እኔ ቢተው ነኝ፣ አጎናፍር አባቴ ነው፣ አፈሩ ይቅለለውና ከሞተ ቆየ፣ አለ። የቤት ጌታ በገዛ አፉ ስሙን ሲጠራ በዚያ ችሎት ተሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቢተው ግን ውሃውን ከሚለቅ ነውሩን መሸከም የመረጠ ሰው ነበር።

የውብዳር ተነሥታ፣ እሳቸውን ማለቴ ነው ብላ አስረዳች። አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው አለች። አክላም፣ "ጌታዬ፣ እርስዎም ራስዎ ትናንት መንገድ ላይ 'አጎናፍር፣ እንደምን ዋልክ' ብለዋቸዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለች።

ዳኛ ይመኑ አልካዱም። "ትናንት መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ዛሬ ችሎት ላይ ነኝ" አሉ።

የበሰለ አይለወጥም። ሌላ ጭቃ ላስበስል ብትል ደግሞ ሁለተኛው ሕግ አለ፤ ለአንድ ጠብ አንድ ጭቃ። እንግዲህ የቀረው አጎናፍርን መጥራት ነው። ደርብ የሚባል ጠሪ ነበር፤ ታዛዥ ሰው። ወደ መቃብሩ ሄዶ፣ ሕጉ እንደሚለው በተከሳሹ ደጃፍ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራና ተመልሶ ለችሎቱ አስረዳ፤ ተከሳሹ ከመኖሪያው አልወጣም፣ ግን እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም።

"ምን ይሠራል?" አሉ ዳኛው።

"ተኝቷል፣ ጌታዬ።"

"በሥራ ሰዓት?"

 ዳኛውም ንቀት ነው ብለው አስመዘገቡ። ለሁለተኛ ጊዜ ይጠራ ተባለ። ቢተው ከፊት ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ፣ አባቴን በሞቱ እንኳን አላስተኛ አለችው እያለ ለጎረቤቱ ያማ ነበር። ከሳሽ ስትናገር ይስቃል፤ ጠሪው ሲመለስ የሐዘን ፊት ያሳያል።

ቀጠሮው ሲገፋ ሰፈሩ ነጣ። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ወደ ሥሩ ወረደ። የውብዳር ከሩቅ ወንዝ በእንስራ እየቀዳች ለችግኞቹ ብቻ ታፈሳለች፤ እንስራው ከፊት፣ ክሱ ከኋላ። ጎረቤቶቿ ዕቃቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ቤተሰብ በሩን በእሾህ ዘግቶ ሄደ። ከሰፈሩ ሴቶች በምላሷ የምትፈራው አስረበብ፣ የውብዳር እንስራዋን ስታወርድ እያየች፣ አጎናፍር እንኳን ከመቃብሩ ቢወጣ አንቺን አይቶ ተመልሶ ይገባል፣ እንዲህ ከስተሽ፣ አለቻት። የውብዳር ሳቀች፤ የምታለቅስበት ውሃም አልነበራት።

በመጨረሻው ቀጠሮ ዳኛ ይመኑ ለፍርድ ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ተከሳሽ ቅጣቱ የታወቀ ነው። የተከሳሹ ቤት ጣራ ይነሣል፤ ጠቡ ይዘጋል፤ የተዘጋ ጠብ ደግሞ ዳግመኛ በማንም ላይ አይነሣም። ጣራ የሚያነሡ ሰዎች መሰላላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። አለቃቸው፣ የት ነው ቤቱ፣ ብሎ ጠየቀ።

ሊቀ ጭቃው ወደ ግምጃ ቤት ገባና የቤቶቹ ባለቤት ስም የተጻፈበት ጭቃ ከተደረደረበት አንዱን ይዞ ወጣ። ከምንጩ አጠገብ ያለው ትልቁ ቤት የአጎናፍር ቤት ነው አለ።

ቢተው ሊቆረጥም ያነሣው ቆሎ ከእጁ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ሲሞት ቤቱን ወደ ስሙ ማዞር ነበረበት። አላዞረም። የመንገድ ሥራ ሲታወጅና ከየቤቱ አንድ ሰው ሲፈለግ፣ ይህ የአጎናፍር ቤት ነው፣ አጎናፍር ደግሞ ሞቷል፣ ይል ነበር፤ ሙት ድንጋይ አይፈልጥምና ይተዉታል። ጎረቤቱ ሁሉ ድንጋይ ሲፈልጥ እሱ በሙት ስም ጥላ ሥር ሲቀመጥ ኖሯል።

አሁን ተነሣና፣ ቤቱ የእኔ ነው፣ አለ። ዳኛ ይመኑ አንተ ማነህ አሉት። ቢተው ነኝ አለ። ክሱ ላይ የለህም፣ ተቀመጥ፣ አሉት። ልጆቼ የሚያድሩበት ቤት ነው አለ። ለአባትህ ንገረው፣ መጥቶ ይከራከር፣ አሉት። ቢተው ወደ ጣራ አንሺዎቹ አየ፤ ወደ ዳኛው አየ፤ ከዚያ ያለ ማንም አስገዳጅነት ወደ የውብዳር ዞሮ ተንበረከከ።

"የውብዳር፣ በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ እኔን ክሰሺኝ። ድንጋዩን የከመርኩት እኔ ነኝ እንጂ አባቴ አይደለም። እሱ ምን በወጣው! እኔን፣ ቢተውን ክሰሺ።"

በዚያ አገር ሰው ከክስ ሲሸሽ ታይቷል፤ ክስ ሲለምን ግን አልታየም።  መጀመሪያ የተናገረችው አስረበብ ነበረች። ከኋላ ሆና፣ ዝም በይ አንቺ፣ ጣራው ይውረድ፣ ዝናብ ሲገባበት የውሃን ነገር ይማራል፣ አለች። ሰፈርተኛውም አጉረመረመ፤ ይውረድ አለ። ስንት ቀን ሙሉ በሙት ስም የተሳቀባቸው ሰዎች ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። ለየውብዳርም ዝም ማለት ብቻ በቂ ነበር። ዝም ብትል ታሸንፋለች።

ያዘለችውን ክስ ፈታች። ከፊቷ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ቆመች።

"ጌታዬ ዳኛ፣ እኔ ጣራ አልጠየቅሁም። ውሃ ነው የጠየቅሁት። የእሳቸው ጣራ ሲወርድ ውሃው አብሮ አይወርድልኝም። ፍርዱ በዚህ ከተሰጠ ጠቡ ተዘጋ ማለት ነው፤ ምንጩም እንደተዘጋ ይቀራል። አሸንፌ በጥማት ልሙት?"

"ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?"

"ስሙ ይታረም።"

ይህ ቃል በዚያ ችሎት ተሰምቶ አያውቅም። ሊቀ ጭቃው ብዕሩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ሊቀ እሳት ደግሞ ከምድጃው በኩል ተነሥቶ፣ የእኔ እሳት ስሕተት አብስሎ አያውቅም፣ ቢያበስልም በደንብ ያበስለዋል፣ አለ። የውብዳር ግን አልተመለሰችም። የበሰለው ይሰበር አላልኩም አለች። ትንሽ ጭቃ ይጻፍ፣ እሷም ትብሰል፣ በክር ከትልቁ ጭቃ አንገት ላይ ትንጠልጠል፤ የተሳሳትኩትም ይታያል፣ ያረምኩትም ይታያል፣ የተደበቀ ነገር የለም፣ አለች።

ዳኛ ይመኑ መሬት ላይ የተቀመጠውን ክስ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ሊቀ ጭቃውን ጠሩና፣ አባቶች ቃልን በእሳት ያበሰሉት ለምን ነበር ብለው ጠየቁት። ለማጽናት ነው አለ።

"ምኑን ለማጽናት?"

"ቃሉን ነዋ፣ ጌታዬ።"

"ንጉሡ እንዳይዋሽ ነበር እኮ ያበሰሉት። እኛ የምናበስለው እውነት እንዳይገባ ከሆነ ምድጃው የተሠራበትን ረስተነዋል።"

ሊቀ ጭቃው ያን ዓይነት ነገር የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ዳኛው ግን አሁን እንደ ወጣት ሰው ቀና ብለው ነበር።

"ፍርድ ሰጥቻለሁ ወይ?" አሉ።

"አልሰጡም፣ ጌታዬ። አፍዎን ከፍተው ነበር።"

"እንግዲያው ልዝጋው።"

ወዲያው መጠየቅ ያዙ። የውብዳርን፣ ጠቡ ያው ጠብ ነው ወይስ ሌላ ልትጨምሪ ነው አሏት። ያው ውሃ ነው፣ ያው ድንጋይ ነው፣ የሚለወጠው ስም ብቻ ነው አለች። አውቀሽ ነው ወይ የተሳሳትሽው አሏት። ሰው አክብሬ ነው አለች። ወደ ቢተው ዞሩ። ክሱ ወደ አንተ ቢመጣ ዱብ ዕዳ ይሆንብሃል ወይ አሉት። ቢተው አንገቱን ደፋ፤ በየቀጠሮው እዚሁ ነበርኩ አለ። ቆሎ ስትቆረጥም፣ አሉ ዳኛው። አዎ ጌታዬ አለ። መልስህን ለማሰናዳት ጊዜ ትፈልጋለህ ወይ ሲሉት እፈልጋለሁ አለ፤ ሰጡት። በመጨረሻ፣ ለትንሿ ጭቃ ማብሰያ እንጨት የሚያመጣ ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ሰውን ሁሉ ያመላለሰው ስሕተት ነውና። የውብዳር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እንጨቱን እኔ አመጣለሁ አለች።

በዚያ ቀን በችሎቱ ምድጃ አንዲት መዳፍ የምታህል ጭቃ በሰለች። ስሟን ቅጥያ አሏት። ላይዋ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፤ አጎናፍር የተባለው ልጁ ቢተው ነው። ጣራ አንሺዎቹ መሰላላቸውን ይዘው ሄዱ። አስረበብ የውብዳርን እስከ ሰፈር ድረስ አላናገረቻትም፤ ሰፈር ሲደርሱ ግን ከምድጃው የተበደረችውን እንጨት ልትተካ ስትወጣ አብራት ለቀማ ወጣች።

ወሬ እግር አለው። በማግስቱ ከችሎቱ ደጃፍ ያዘለውም ያላዘለውም ተሰልፎ ነበር። ጠና የሚባል አንድ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ክሱ ስለ ጠፋች ፍየል ነው። አሁን በቅጥያ ከፍየሏ ጋር የጎረቤቱን የእርሻ መሬት ሊጨምርበት ፈለገ።

"ፍየሏ አድጋ ነው መሬት የሆነችው?" አሉት ዳኛ ይመኑ።

ሕዝቡ ሳቀ። ጠና ራሱም እየሳቀ፣ መሞከር ነውር የለውም አለ። ዳኛው አልተቆጡትም። ይህ ማረም አይደለም፣ ሌላ ጠብ ነው፣ ሌላ ጭቃ አስበስል፣ ብለው ሸኙት። ቀጥሎ የገባው ሽማግሌ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈረደበትን ጉዳይ ይዞ ነበር። ለእሱ ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩት፤ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ቅጥያ ማንጠልጠያ አንገት የለም፤ እዚያ ሲደረስ ወደ ላይኛው ዳኛ ነው አቤት የሚባለው። ሽማግሌው ቢያንስ ሰሙኝ ብሎ ወጣ።

የቢተው መልስ የሚሰማበት ቀን ደረሰ። ቢተው ጣራው በአናቱ እንዳለ ካረጋገጠ ወዲህ እንቅልፍ አግኝቶ ነበርና ልቡ ተመልሷል። መልሱን ይዞ ቀረበ፤ ውሃ አልዘጋሁም ይላል። ዳኛው፣ በዚህ ችሎት ፊት ተንበርክከህ ድንጋዩን የከመርኩት እኔ ነኝ ብለሃል እኮ አሉት። ቢተው ያን ጊዜ ደንግጬ ነው አለ፤ ለእሷ ቅጥያ ከተፈቀደ ለእኔም ይፈቀድልኝ፣ ያልኩትን ላርም።

 ነገሩ በሕጉ መሠረት ልክ ይመስል ነበር። ለአንዱ የተከፈተ በር ለሌላው አይዘጋም።

"ይፈቀድልሃል" አሉ ዳኛ ይመኑ። "ግን ልጠይቅህ። ድንጋዮቹ አሁን የት ናቸው?"

"እዚያው ናቸው።"

"ማን ነው ያስቀመጣቸው?"

ቢተው የያዘውን መልስ ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"ልጄ፣ እኛ ሰው ሲሳሳት እንዲመለስ ነው በር የከፈትነው። አንተ የምትለኝ ከእውነት ልውጣ ነው። ለዚያ በር አያስፈልግህም፤ ስትመጣ ውጭ ነበርክ።"

ቢተው የያዘውን መልስ መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆኖ፣ እንግዲያው ሌላ ነገር ላክል አለ። ምንጩ ከክረምቱ ወዲህ አቅጣጫውን ስቶ የቤቱን ግድግዳ ሥር እየበላው ነበር። ትንሿ ልጁ በምትተኛበት በኩል ግድግዳው ተሰንጥቋል። ያን ቀን ድንጋዩን የከመረው ፈርቶ ነው።

"ይህን ለምን በመጀመሪያው መልስህ አላልክም?" አሉት።

"ይህን ካልኩ መዝጋቴን ማመን አለብኝ፣ ጌታዬ።"

ዳኛ ይመኑ የቢተውም ቅጥያ ይብሰል አሉ፤ እንጨቱን ግን ራሱ ተሸክሞ እንዲያመጣ አዘዙ። የውብዳርንም፣ አዲስ ነገር ተነሥቷልና መልስ ለመስጠት ጊዜ ይሰጥሽ ወይ አሏት። እሷ፣ ጊዜ አልፈልግም፣ ሄጄ ልየው፣ አለች። ሁሉም ሄዱ። ዳኛው በበቅሎ፣ ሊቀ ጭቃው ጭቃው እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ቢተው ከፊት እየመራ። የውብዳር ጎንበስ ብላ ጣቷን በስንጥቁ ውስጥ አስገባች። እስከ አንጓዋ ገባላት። ከውስጥ ልጅቷ ስታስል ተሰማ።

እውነቱን ነው አለች የውብዳር። ቀና ብላም ቢተውን አየችውና፣ "ያን ቀን ደጅህ ስመጣ ይህን ብታሳየኝ ኖሮ ድንጋዩን አብሬህ እሸከም ነበር" አለችው።

እንግዲህ ፍርዱ ለመስጠት የሚያስቸግር አልነበረም። ምንጩ ይከፈት፤ የተነሡት ድንጋዮች ግድግዳው ሥር ይደርደሩ፤ ሥራውን ቢተው ያሠራ፣ ሰፈሩም ያግዝ። አስረበብ በማግስቱ ከሁሉ የሚከብደውን ድንጋይ አቅፋ፣ ጣራ ላወርድ የመጣሁ ሴትዮ ግድግዳ ልሠራ ቀረሁ እያለች ስታልፍ፣ ቢተው መንገድ ለቀቀላት። በሕይወቱ ሙሉ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ስለማያውቅ እጁ ቆስሎ ነበር። ቅጠል ያሰረችለት እሷ ናት፤ እየተሳደበች።

የመጨረሻው ድንጋይ ሲነሣ ውሃው ወዲያው አልሮጠም። መጀመሪያ አመነታ። ከዚያ በደረቀው ቦይ ውስጥ ገለባና አቧራ እየገፋ፣ ቡናማ ምላስ መስሎ ወረደ። ልጆች ከፊት ከፊቱ ይሮጣሉ። የውብዳር መደቧ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ውሃው ደርሶ ከመጀመሪያው የሽንኩርት ረድፍ ሥር ሲሰርግ፣ መሬቱ የተጠማ ሰው ሲጠጣ እንደሚያሰማው ዓይነት ድምፅ አሰማ። ግማሹ ቡቃያ ሞቷል። ግማሹ ግን አልሞተም። በእሾህ የተዘጋው ቤት ባለቤቶች ወሬውን ሰምተው ሲመለሱ፣ ከሩቅ ያዩት አረንጓዴው ላይ ጎንበስ ብላ የሞተውን ከዳነው የምትለይ ሴት ነው። ዕቃቸውን ሳያወርዱ መጥተው ከጎኗ ቁጢጥ አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። እንግዲህ አደራ የምላችሁ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት ነው። በተለይ ቀጠሮ ለሚጠባበቅ ሰው አትንገሩ። እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ሰው ያዘለውን ያወርዳል፤ ያወረደውን እንደገና ያነባል፤ እንደገና ያነበበ ደግሞ፣ እንዲህ ማለቴ አልነበረም፣ ማለት ይጀምራል። ዛሬ ባለጉዳይ ይለዋል፤ ነገ ዳኛ ይለዋል፤ ከዚያ በላይ ያሉትም ሊሉት ይችላሉ። እኔ በዚያ ነገር ውስጥ ልገኝ አልፈልግም። የት ሰማችሁ ቢሏችሁ፣ አልሰማንም በሉ።